የተቀመጠ ሰው ጉበት



በአገራችን የጉበት ነገር ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የወፍ በሽታ ነው፤ ዓይን ቢጫ ሆኖ፣ ሽንት ጠቁሮ፣ ዘመድ ተሰብስቦ «ሐኪም ቤት ይሂድ ወይስ መድኃኒት አዋቂ ጋ ይወሰድ» እየተባለ የሚመከርበት። ሁለተኛው መጠጥ ነው። እገሌ ጉበቱን ታመመ ሲባል «ይጠጣ ነበር እንዴ?» የምትል ጥያቄ ተከትላ ትመጣለች። ሁለቱም መሠረት አላቸው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በአገራችን ብዙ ሰው ውስጥ አለ፤ አልኮልም ጉበትን ያጠፋል። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ሦስተኛው ነው፤ ቫይረሱ በሌለበት፣ አረቄ ቀምሶ በማያውቅ ሰው ላይ፣ ያለ ሕመምና ያለ ቢጫ ዓይን ስለሚያድገው። እርሱም ጉበት ውስጥ የሚከማች ስብ ነው። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከአሥሩ ሦስቱ ገደማ ይህ አለባቸው። እዚህ የቆምኩትም ነገሩ ከማዕዳችን ሌላ ከምንውልበት ወንበር፣ ከማንራመደው መንገድና ከምንነፍገው እንቅልፍ ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

በሐኪም ቤት እንዴት እንደሚገኝ ላሳያችሁ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። አንድ ሰው የሐሞት ጠጠር ይሆን ወይ ተብሎ ለምርመራ ይላካል። አልጋው ላይ በጀርባው ይተኛል፤ ሸሚዙን ይገልጣል፤ ከቀኝ የጎድን አጥንቱ ሥር ቀዝቃዛ ቅባት ይደረግለታል። ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን እጀታ እያንሸራተተ ስክሪኑን ሲያይ ጉበቱና የቀኝ ኩላሊቱ ጎን ለጎን ይመጣሉ። በጤናማ ሰው ሁለቱ በግራጫነታቸው ይቀራረባሉ። ስብ የገባበት ጉበት ግን ነጣ ብሎ ያበራል፤ ኩላሊቱ ከአጠገቡ ጠቁሮ ይታያል፤ ስቡ የመሣሪያውን ድምፅ ስለሚበትነው ደግሞ ጠለቅ ያለው የጉበቱ ክፍል ደብዝዞ ይጠፋል። ወረቀቱ ላይ «ፋቲ ሊቨር፣ ግሬድ 1» ተብሎ ይጻፋል። ሰውየው «ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ስብ ነው፤ ብዙ ሰው አለበት» ይባላል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ይሄዳል።

ብዙ ሰው ያለበት መሆኑ እውነት ነው። ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። ከጉበት ህዋሳት ከመቶ ከአምስቱ በላይ ስብ ከቋጠሩ ሐኪሞች የስብ ጉበት ይሉታል። በአብዛኛው ሰው ላይ ነገሩ እዚያው ይቆማል። በጥቂቱ ላይ ግን ስቡ ጉበቱን ያስቆጣዋል፤ መቆጣቱ ዓመታት ሲቆይ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ሲበዛ ጉበቱ ይጠጥርና ሲሮሲስ የሚባለው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ያኔ ነው ሆድ ውኃ የሚቋጥረው፣ ደም የሚያስመልሰው፣ አንዳንዴም ካንሰር የሚነሣው። ሌላም አለ። የስብ ጉበት ያለባቸውን ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚገድላቸው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ስለዚህ ያ ስክሪን ላይ የነጣው ጉበት የስኳሩንም፣ የደም ግፊቱንም፣ የልቡንም ነገር አብረን እንድንመረምር ይጠራናል።

እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ዩርገን ሉድቪግ የተባለ የፓቶሎጂ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የሃያ ሕሙማንን የጉበት ናሙና የመረመረበትን ጽሑፍ አወጣ። ጉበታቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጠጪ ጉበት ነበር የሚመስለው፤ ሰዎቹ ግን ጠጪዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ ወፍራሞች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ስኳር ወይም የሐሞት ጠጠር ነበረባቸው። ይህን የማነሣው ስለ አንድ ነገር ነው። ዛሬም በየሰፈራችን ጉበቱን የታመመ ሰው «ተደብቆ ይጠጣ ነበር» እየተባለ ይታማል። ሕመምተኛው እናት ትሁን፣ ጿሚ ቄስ ወይም ሐጂ፣ «አልጠጣሁም» ሲል እመኑት። ሐሜቱ ሰውን ከምርመራ ያርቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። መቀመጥን ከጉበት ጋር ምን አገናኘው?

ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን፣ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ያለ የሰውነት ጎተራ ነው። ከአንጀት የሚነሣው ደም ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በእርሱ በኩል ያልፋል፤ የበላነው እንጀራ፣ ዳቦና ፓስታ ስኳር ሆኖ መጀመሪያ የሚደርሰው እርሱ ጋ ነው። ከዚያ ስኳር 100 ግራም የሚሆነውን ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጥና ሌሊት ስንተኛ፣ ቀን ስንጾም ቀስ እያለ ያወጣዋል። ጎተራው ግን ትንሽ ነው። ከምሳ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር በብዛት መቀበል ያለበት ጡንቻ ነው፤ ይልቁንም ትልልቆቹ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች።

የሚሠራ ጡንቻ አንድ የሚያስደንቅ ጠባይ አለው። ሲኮማተር ኢንሱሊንን ሳይጠብቅ ስኳርን ከደም ይስባል። ደረጃ ስንወጣ፣ ዳገት ስንይዝ፣ ዕቃ ስናነሣ የሚሆነው ይህ ነው። ለረጅም ጊዜ ሥራ የፈታ ጡንቻ ግን ለኢንሱሊን እየደነዘዘ ይሄዳል። ስኳሩ አልወርድ ሲል ቆሽት ኢንሱሊኑን ያበዛል። የበዛው ኢንሱሊን ጡንቻው ላይ ባይሠራም ጉበት ላይ ይሠራል፤ ስኳርን ወደ ስብ የመለወጡን ሥራ ያፋጥነዋል። ጎተራው ቀድሞ ሞልቷልና ትርፉ ስብ ሆኖ በጉበት ህዋሳት ውስጥ ይቋጠራል።

የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ይህን በሰው ላይ አሳይተዋል። ጡንቻቸው ለኢንሱሊን የደነዘዘ ወጣቶችን አንድ ጊዜ ብቻ ለ45 ደቂቃ ስፖርት አሠርተው፣ ከዚያ ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ ሰጧቸው። ጉበታቸው ከስኳር የሚሠራው አዲስ ስብ፣ ሳይንቀሳቀሱ ተመሳሳዩን ምግብ ከበሉበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር፣ በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ክብደታቸው አልተነካም፤ ምግባቸውም አልተለወጠም። የተለወጠው ከምግቡ በፊት ጡንቻቸው መሥራቱ ብቻ ነው። ይህን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር ተስፋ ይሰጠኛል፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚያማርረው «ክብደቴ አልቀነሰ አለኝ» እያለ ነው፤ ጉበት ግን ሚዛኑ እስኪንቀሳቀስ አይጠብቅም።

ሁለተኛው የስብ ምንጭ ቦርጫችን ነው። ኢንሱሊን ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ በሰውነት የተከማቸውን ስብ ባለበት ማቆየት ነው። ሰውነት ለኢንሱሊን ሲደነዝዝ ስቡ ይለቀቅና በደም ተጭኖ ወደ ጉበት ይጎርፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት የስብ ጉበት ያለባቸው ሰዎች ጉበት ውስጥ ያለው ስብ ከየት እንደመጣ ምልክት በተደረገባቸው ንጥረ ነገሮች ተከታትሎ ነበር። 59 በመቶው ከሰውነት ስብ ተለቅቆ የመጣ፣ 26 በመቶው ጉበት ራሱ የሠራው፣ ከተበላው ቅባት የመጣው ደግሞ 15 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። «እኔ ጮማ ትቻለሁ፤ ዘይትም ቀንሻለሁ» እያሉ ቀኑን ሙሉ በለስላሳና በነጭ ዳቦ ተቀምጠው ለሚውሉ ወዳጆቼ ይህን ቁጥር ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ የዚያ ስኳር ግማሽ ያህሉ ፍሩክቶስ ነው፤ ፍሩክቶስን ደግሞ በብዛት የሚያስተናግደው ጉበት ነው። በጾም ወቅት ከቅባት ርቀን በለስላሳና በጥብስ ድንች ስናካክስ ጉበታችን ከጾሙ የሚያገኘውን ዕረፍት እንነሣዋለን።

ምን ያህል መቀመጥ ነው እንግዲህ ብዙ የሚባለው? በደቡብ ኮሪያ ለምርመራ የመጡ 139,056 ሰዎች የተካተቱበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቶ ነበር። በቀን ለ10 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቀመጡት፣ ከ5 ሰዓት በታች ከሚቀመጡት ይልቅ የስብ ጉበት በ9 በመቶ በዝቶባቸው ተገኘ። 9 በመቶ ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ልዩነቱ ቀጫጭኖቹም ላይ ታይቷል፤ ስለዚህ ቦርጭ የሌለው ሰው «እኔን አይመለከተኝም» ማለት አይችልም። ሁለተኛ፣ ስፖርት የመሥራትና ያለመሥራት ነገር ተቀንሶ ከተሰላ በኋላም የመቀመጡ ጉዳት ለብቻው ቀርቷል። በእርግጥ ጥናቱ የአንድ ወቅት ፎቶግራፍ ዓይነት ነው፤ መቀመጡ ስቡን አመጣው ብሎ ብቻውን አያረጋግጥም። የጡንቻውን ነገር ከነገርኳችሁ ጋር አዳምራችሁ ስታዩት ግን አቅጣጫው አንድ ነው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ሚኒባስ አስቡልኝ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ የብሪታንያ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን ሕመም አጥንቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡት ሹፌሮች ላይ የልብ በሽታ በዝቶ፣ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ቲኬት ቆራጮች ላይ አንሶ አገኘው። ከአንድ ዓይነት ኑሮ የመጡ፣ በአንድ አውቶቡስ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። የእኛም ታክሲ እንዲሁ ነው። ሹፌሩ ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሞተር አስነሥቶ ይቀመጣል። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ ይጣራል፤ ይወርዳል፤ ዕቃ ይጭናል፤ እየሮጠ ይዘልላል። ሹፌሩ ግን ቁርሱን፣ ብስኩትና ሻዩን፣ መሪው ላይ ነው የሚበላው። ወረፋ ሲይዝ እንኳ ከወንበሩ አይነሣም፤ መቀመጫውን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ ያሸልባል። ምሳ ብዙ ጊዜ 9 ሰዓት ያልፈዋል። ማታ 3 ሰዓት መኪናውን አቁሞ ቤቱ ሲገባ ትልቁን ማዕድ የሚያቀርቡለት ያኔ ነው፤ በልቶም ይተኛል። ነገም እንዲሁ። በዋሽንግተን ታክሲና ኡበር እየነዱ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዚህ ብዙ አይለዩም፤ ልዩነቱ ብርዱና በየማደያው የሚሸጠው ጣፋጭ ነው። ባንክ ቤት በመስኮት የሚቀመጠው፣ ልብስ ስፌት ላይ የሚያቀረቅረው፣ ከኮምፒውተር ፊት የሚነጋበት ወጣት፣ ጉሊት ላይ ከጧት እስከ ማታ ትንሽ ዱካ ላይ የምትቀመጠው እናትም እዚሁ ውስጥ አሉ።

ኑሮ ሲለወጥ ሰውነት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚለወጥ ወደ እስራኤል የሄዱትን የቤተ እስራኤል ወገኖቻችንን ታሪክ ያየ ይረዳዋል። ከጎንደር ገጠር ተነሥተው በእግራቸው ሱዳን ደርሰው፣ በዘመቻ ሙሴ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፣ ወደ እስራኤል የተወሰዱ ናቸው። እስራኤል ሲገቡ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። ጥቂት ዓመታት ከቆዩ በኋላ የአገሩ ሐኪሞች በሽታው በእጅጉ መጨመሩን መዘገቡ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ደማቸውም ያው ነው። እርሻው ቀረ፤ ውኃ መቅዳቱና እንጨት መልቀሙ ቀረ፤ ዳቦውና ስኳሩ በዛ። ስኳርና የስብ ጉበት ከአንድ ሥር የሚበቅሉ ስለሆኑ ይህን ታሪክ እንደ ማስጠንቀቂያ አየዋለሁ፤ በየከተማችን ያለው ትውልድም ተመሳሳዩን ጉዞ እየሄደ ነውና።

ስለ ቦርጭም አንድ ቃል ልናገር። ከረጅም ጊዜ በኋላ የተገናኘ ዘመድ «ወፈርክ፤ አማረብህ፤ ተመችቶሃል» ይላል። ከፍቅር የሚወጣ ንግግር ነው፤ ረሃብ ያየ ሕዝብ መወፈርን ቢያመሰግን አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ሆድ ላይ የሚከማች ስብ ለጉበት ከሁሉ የከፋው ነው። ሐኪም ቤት ሳትሄዱ የምትለኩበት መንገድ አለ። ከራሳችሁ አናት እስከ ተረከዛችሁ የሚደርስ ሲባጎ ቁረጡ። ለሁለት እጠፉት። የታጠፈውን ሲባጎ እምብርት አካባቢ፣ ትንፋሽ አውጥታችሁ፣ ሆዳችሁን ሳትስቡ አዙሩት። ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ የወገባችሁ ዙሪያ ከቁመታችሁ ግማሽ አልፏል ማለት ነው፤ ያኔ ስኳርና ግፊት፣ ጉበትም መታየት አለባቸው።

እንቅልፍን በችኮላ አላልፈውም፤ ምክንያቱም ሰው ከሁሉ ይበልጥ የሚንቀው እርሱን ነው። በቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ሙከራ 11 ጤነኛ ወጣቶች ለስድስት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደረገ። በሙከራው ማብቂያ አካባቢ ሰውነታቸው ስኳርን ከደም የሚያነሣበት ፍጥነት፣ ጠግበው ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር፣ በ40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ወጣቶች ነበሩ፤ ስኳር የለባቸውም፤ የተወሰደባቸው እንቅልፍ ብቻ ነው። ጉበት ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። እ.ኤ.አ. የ2017 የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተሰጠው የህዋስን ውስጣዊ ሰዓት ለመረመሩት ለጄፍሪ ሆል፣ ለማይክል ሮዝባሽና ለማይክል ያንግ ነበር። የአእምሯችን ሰዓት የሚቃኘው በብርሃን ነው፤ የጉበት ሰዓት ግን በምግብ ሰዓት ይቃኛል። በጄኔቭ ተመራማሪዎች ሌሊት መብላት የለመዱ አይጦችን በቀን ብቻ ሲመግቧቸው፣ የአእምሯቸው ሰዓት ባለበት ቀርቶ የጉበታቸው ሰዓት ተገለበጠ። እኩለ ሌሊት ላይ ክትፎ ወይም ፍርፍር በልቶ የሚተኛ ሰው ሲደጋግመው ተመሳሳይ አለመግባባት በሰውነቱ ውስጥ ይፈጥራል። ሌሊት የምትሠሩ ነርሶች፣ ጥበቃዎችና ሾፌሮች ምርጫ የላችሁም፤ ዋናውን ምግባችሁን ግን ፀሐይ ሳለች ለማድረግ፣ ሌሊቱን በቀላል ነገር ለማሳለፍ መሞከር ትችላላችሁ።

ማንኮራፋትም አለ። ኃይለኛ ማንኮራፋት፣ ከዚያ ድንገት ትንፋሽ ቀጥ ማለት፣ ከዚያ እንደ ታፈነ ሰው ደንግጦ መተንፈስ። ባል ወይም ሚስት ይህን ሰምተው «ደክሞት ነው» ይላሉ። በእያንዳንዷ ትንፋሽ ማቆም የደሙ ኦክስጅን ይወርዳል፤ ይህ ሌሊቱን ሙሉ ሲደጋገም ስብ ያለበትን ጉበት ይበልጥ ያስቆጣዋል። ጧት ራስ ምታት ያለው፣ ቀን መሪ ላይ የሚያንቀላፋ ሹፌር ይህን ለሐኪም መንገር አለበት፤ ነገሩ የተሳፋሪዎችም ሕይወት ነው።

መቀመጡና እንቅልፍ ማጣቱ በአንድ ላይ የሚገናኙበት አንድ የእኛ ቦታ ደግሞ አለ፤ እርሱም በርጫ ነው። ከምሳ በኋላ ፍራሽ ላይ ይቀመጣሉ፤ ለውዝ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ ይቀርባል፤ እስከ ምሽት ከዚያ የሚነሣ የለም። እራት አይበላም፤ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይኬዳል፤ እንቅልፍ የሚመጣው ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ነው። በሐረር የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸውን 150 ሰዎች ከ300 ሌሎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ጫት የሚቅሙት ላይ፣ በተለይ ብዙ የሚቅሙት ወንዶች ላይ፣ ሕመሙ በዝቶ ተገኘ። እዚያ የተጠናው የጉበት ጉዳት እኔ የማወራው የስብ ጉበት አይደለም፤ ተመራማሪዎቹ የጠረጠሩት ቅጠሉን ራሱን ነው። በእኔ አስተያየት ግን አንድን ጉበት ቅጠሉም፣ ስኳሩም፣ መጠጡም፣ መቀመጡም፣ እንቅልፍ ማጣቱም በአንድ ቀን ሲረባረቡበት ምን ይተርፈዋል? ጫት የብዙ ቤተሰብ እንጀራ መሆኑን፣ በርጫም ለብዙዎች ወዳጅነትና ጸሎት መሆኑን አውቃለሁ፤ ልሰድብ አልመጣሁም። የምትቅሙ ወንድሞቼ ጉበታችሁን እንድትታዩ ግን እለምናችኋለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ነገር መነሣት ነው፤ ስፖርት ከመጀመርም በፊት። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ሙከራ በየ20 ደቂቃው ለ2 ደቂቃ ተነሥተው የተራመዱ ሰዎች ከምግብ በኋላ የደም ስኳራቸውም ኢንሱሊናቸውም፣ ሳይነሡ ከዋሉበት ቀን ይልቅ ዝቅ ብሎ ታይቷል። ሁለት ደቂቃ ነው፤ ስልክ እያወሩ መቆም፣ ውኃ ለመቅዳት ኮሪደሩን ተራምዶ መመለስ፣ ወረፋ ላይ ያለ ሹፌር ወርዶ መኪናውን ዞሮ ጎማውን ማየት። የሚሰግዱ ወገኖቻችን ከአምልኮው ጋር ይህን ለሰውነታቸው ያገኙታል፤ ሶላት ቀኑን አምስት ቦታ ይከፍለዋል፣ የሰሞነ ሕማማት ስግደት የጭን ጡንቻን ሥራ ያሠራዋል።

ሁለተኛው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ያለው ነው፤ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። መካከለኛ ማለት እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። በአዲስ አበባ ከመገናኛ እስከ ሃያ ሁለት በእግሩ የሚሄድ ሰው የቀኑን ድርሻ ጨርሷል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው፣ ወይም ሲመሽ ውጭ መራመድ የምትፈራ ሴት፣ ቤት ውስጥ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፣ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ማንሣት ይበቃቸዋል። በእንግሊዝ ኒውካስል በተደረገ ሙከራ የስብ ጉበት ያለባቸው ሰዎች ለስምንት ሳምንት ክብደት በማንሣት ብቻ፣ ኪሎ ሳይቀንሱ፣ የጉበታቸውን ስብ በ13 በመቶ ቀንሰዋል።

ወፍራም ለሆነ ሰው ግን ኪሎ መቀነሱ ከሁሉ ይበልጣል፤ ይህን ሸፍኜ ማለፍ አልፈልግም። በኩባ 293 ሕሙማን ለአንድ ዓመት ክትትል የተደረገላቸው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል። ከክብደታቸው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱት ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ የጉበት መቆጣቱ ጠፋላቸው፤ 45 በመቶው ላይ ጠባሳው ራሱ ወደ ኋላ ተመለሰ። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው 8 ኪሎ ማለት ነው። ጉበት ከተጎዳ በኋላ ራሱን መልሶ የመጠገን ኃይሉ ከአብዛኞቹ የሰውነት ክፍሎች የላቀ ነው። ግን በአንድ ወር ይህን ሁሉ ለመቀነስ አትሞክሩ፤ በጣም የፈጠነ መክሳት ጉበትን ሊያባብሰው፣ የሐሞት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል። በየሱቁና በየቴሌግራሙ የሚሸጠውን የማቅጠኛ ሻይና ክኒንም ተዉት፤ ከእነዚህ መካከል ጉበትን የገደሉ በሕክምና መዛግብት የታወቁ አሉ።

ቡናን በተመለከተ የምሥራች አለኝ። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ቡና የሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ጠባሳም ሆነ የጉበት ካንሰር ያነሰ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጡ። ስኳሩን ግን ቀንሱ፤ ማታ ማታም ተዉት፤ ለጉበት የሰጣችሁትን በእንቅልፍ እንዳትነጥቁት።

እስካሁን ለየግላችሁ ተናገርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሁሉም በየግል ጥረት የሚፈታ አይደለም። ሠራተኛውን ለስምንት ሰዓት ከመስኮት የማያነሣ አለቃ፣ ሹፌሩን በቀን ገቢ አስሮ 15 ሰዓት የሚያስነዳ ባለ መኪና፣ በመኖሪያ ቤት ግቢ ተከፍቶ ልጆች የሚሮጡበት አንድ ካሬ መሬት የሌለው ትምህርት ቤት፣ እነዚህ ሁሉ ጉበት ላይ ይወስናሉ። የስብ ጉበት ዛሬ በሕፃናትም ላይ ይታያል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» እየተባለ ጎዳናዎች እሑድ ዕለት ከመኪና ነጻ ሲሆኑ ልጆች አስፋልቱ ላይ ሲሮጡ አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ቦታ ሲያገኙ ማን አስተምሯቸው ነው የሚሮጡት? የእግረኛ መንገድ ማስፋት፣ መብራት መትከል፣ ሴት ልጅ ሳትፈራ የምትራመድበት ጎዳና ማበጀት የጤና ሥራ ነው፤ ከሐኪም ቤት ግንባታ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

በመጨረሻ ስለ ምርመራ። ስኳር ያለበት፣ ግፊት ያለበት፣ ቦርጩ ከሲባጎው ያለፈ፣ ወይም የስብ ጉበት አለብህ የተባለ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ፤ መራመድ ቫይረስ አያጠፋም፣ ቫይረስና ስብ አንድ ጉበት ላይ ሲገናኙ ደግሞ ጉዳቱ ይደራረባል። ሁለተኛ፣ ጠባሳ መኖር አለመኖሩ። ለዚህ ውድ መሣሪያ መጀመሪያ አያስፈልግም። ኤፍ አይ ቢ ፎር የሚባል ስሌት አለ፤ ሐኪሙ ዕድሜን፣ ኤ ኤስ ቲ እና ኤ ኤል ቲ የተባሉትን የጉበት ምርመራ ውጤቶች፣ የፕላትሌት ቁጥርን ይዞ በስልኩ ያሰላዋል። ኤ ኤል ቲ ብቻውን ደህና ሆኖ ቢገኝ አትዘናጉ፤ ስብም ጠባሳም ያለበት ሰው ኤ ኤል ቲው ደህና ሊሆን ይችላል። የስሌቱ ውጤት ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው፤ ዕድሜው ከ65 በላይ ለሆነ ሰው መነሻው 2.0 ነው። ከዚያ ካለፈ የጉበቱን ጥንካሬ የሚለካ ፋይብሮስካን የመሰለ ምርመራ ይከተላል፤ ዝቅተኛ ከሆነም ስኳር ያለበት ሰው በአንድና ሁለት ዓመት፣ ሌላው በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ስሌቱን ማስደገም ይኖርበታል።